ቁራሌው ከገማቹ ቀድሞ ደረሰ፦ የአንድ የደሴ ቤት ጣሪያና የኢንሹራንስ ካሳው

መነሻ

መኪና ሲጋጭ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ትራፊክ ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ይኬዳል። የቤት ጣሪያ ሲነሳ ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ቆርቆሮ ለመሰብሰብ ነው። የዚህ ጉዳይ ግማሹ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

ባለጉዳይዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አስተምረውኛል፤ አሁን ጎረቤቴ ናቸው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ የኢንሹራንስ ባለሙያ አይደለሁም። ደብዳቤዎቹን የጻፍኩትና ወረቀት ይዤ የተመላለስኩት እኔ ስለሆንኩ ግን ነገሩን ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ። ሰዎቹን፣ ባንኩንና ኢንሹራንሱን በስም አልጠራም። መምህርቷ እንድጽፈው ፈቅደዋል። «ቁጥሩን ግን እንዳታሳምረው» ብለውኛል።

ቤቱና ውሉ

ቤቱ ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ብሎኬት ነው፤ አራት ክፍል፣ ግራና ቀኝ የሚፈስ ክዳን፣ 32 ጌጅ ቆርቆሮ። ከጀርባው ቆይቶ የተቀጠለ ማድ ቤት አለ።

በ2010 ዓ.ም. ቤቱን አስይዘው ከባንክ ተበደሩ። ባንኩ ቤቱን አስገመተ፤ መሬቱ ሳይቆጠር 1,350,000 ብር ወጣ። በዚሁ መጠን የእሳትና መብረቅ ኢንሹራንስ እንዲገቡ ተደረገ። ዋናው ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ) ባንኩ ፋይል ውስጥ ገባ። በመምህርቷ እጅ የቀረው የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ ኮፒና በየዓመቱ አርቦን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) የከፈሉባቸው ደረሰኞች ናቸው። ደረሰኞቹን በዓመተ ምሕረት ደርድረው በክር አስረዋቸዋል። አስተማሪ ናቸው፣ ምን ይደረግ።

ያ ማታ

መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ ነው። የበልግ ዝናብ በረዶና ነፋስ ቀላቅሎ መጣ። ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ሰሞን ስለነበር ሠፈሩ በሙሉ ቤቱ ነበር። ነፋሱ በፊት ለፊቱ ወገን ገብቶ ኮልሞውን (የክዳኑን አናት የሚሸፍነውን ቆርቆሮ) ነቀለው፣ ከዚያ ቆርቆሮውን እንደ መጽሐፍ ገለጠው። ጥቂቱ ጎረቤት ግቢ አረፈ። ሰው አልተነካም። ጎረቤቶች ለአፍጥር ያቀረቡትን ትተው መጥተው አልጋና ቁም ሳጥን ወደ ደረቁ ክፍል አሻገሩ።

ይህን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። በኋላ ቀበሌ የምስክር ቃል ሲቀበል ሁሉም ሰው ሰዓቱን አንድ ዓይነት ተናገረ፦ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከማግሪብ አዛን አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። ጾም የዋለ ሰው በዚያ ሰዓት ዓይኑ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ላይ የተከራከረን የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ልጃቸው የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት መጣ። እናቱ ዝናብ ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ነገር አላሰበም። ሸራ ገዝቶ የተከፈተውን ወገን አለበሰ። ይህ ትክክል ነበር። ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚቻለውን ማድረግ የባለንብረቱ ግዴታ ነው፤ ሸራውንም በደረሰኝ ነው የገዛው።

ቀጥሎ ግቢውን ማጽዳት ጀመረ። የተጨማደደው ቆርቆሮ በር ላይ ተከምሮ ሳለ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። 14 ቆርቆሮ ተሸጠ። እኔ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ቁራሌው ጋሪውን እየገፋ ቁልቁለቱን ወርዷል። የተቀረውን «አትንኩት» ብዬ ከግድግዳው ጋር አስጠጋነው።

መምህርቷ በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ ደወሉ። የእኛ ውል ጉዳቱ በታወቀ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ ይላል። ይህን በጊዜው አናውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ያስገባሁት ስልክ ማስረጃ አይሆንም በሚል የቢሮ ልማድ ብቻ ነው። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ። የመዝገብ ቤቱ ልጅ «አያስፈልግም እኮ» አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩት።

«አይሸፈንም»

በስድስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ በቃል። «እሳትና መብረቅ ነው የገቡት። ነፋስ አይሸፈንም።» ፎቶ ኮፒውን ሳየው እውነት መሰለኝ። ርዕሱም «የእሳትና መብረቅ» ይላል።

ያዳነን የመምህርቷ የደረሰኝ እስር ነው። ሳገላብጠው የ2012ቱ ክፍያ ከ2011ዱ ከፍ ይላል፤ የቤቱ ግምት ግን ያው 1,350,000 ነው። ግምቱ ካልጨመረ አርቦኑ ለምን ጨመረ? ሒሳብ የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ባንክ ሄደን ፋይሉ እንዲታይልን ጠየቅን። ሁለት ቀን አመላለሱን። ከፖሊሲው ጀርባ በስቴፕለር የተያያዘች አንዲት ገጽ አገኘን። በ2012 ባንኩ በጠየቀው መሠረት ማዕበልና ብርቱ ነፋስ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲጨመሩ የተደረገበት የውል ማሻሻያ ነው። መምህርቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍለውበታል። ገጹን አይተውት ግን አያውቁም።

በማሻሻያው ቅጂ ላይ አጭር ደብዳቤ አያይዘን አስገባን። ክርክር አልጻፍኩም። «በእጃችሁ ያለው ፋይል ይህን ገጽ ያካትት እንደሆነ ይታይልን» ብቻ ነው ያልኩት። በሳምንቱ ገማች ተላከ። ቅርንጫፉ ሆን ብሎ የደበቀ አይመስለኝም። የፖሊሲውን ርዕስ አንብቦ መልስ የሰጠ ሰው ነው የገጠመን።

ምስማሩ የተናገረው

ገማቹ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሞራሌውን (ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት) በእጁ ጫን ጫን እያደረገ አየ። ከጀርባ ባለው ወገን አንዱ እንጨት በጣቱ ተፈረፈረ። ወርዶ «እንጨቱ በስብሷል፤ ነፋሱ ሰበብ ነው እንጂ ጣሪያው ያለቀለት ነው» አለ። እርጅናና ብስባሽ በቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። ይህ አስተያየት ከጸና ካሳው ከግማሽ በታች ይወርዳል።

መልሱ የመጣው ከአናጢው ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ በደሴ ስንት ክዳን እንደመቱ ራሳቸውም አይቆጥሩም። ከተጠራቀመው ቆርቆሮ ሁለቱን አንስተው አሳዩኝ። በአንደኛው ላይ የምስማሩ ቀዳዳ ተቀዶ ረዝሟል፤ ጠርዙም ተቀልብሷል። ምስማሩ የት ነው? ሞራሌው ላይ፣ ከነጎማው፣ እንደተመታ አለ። በሁለተኛው ላይ ግን ምስማሩ ቆርቆሮው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ቡናማ የእንጨት ብናኝ ይዟል።

«ምስማሩ እንጨቱ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ከተቀደደ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ነፋስ ነው የነጠቀው» አሉ። «ምስማሩ ከነቆርቆሮው ከሄደ ግን እንጨቱ ለቆታል። አብሽር፣ የፊት ለፊቱ ሁሉም የመጀመሪያው ዓይነት ነው።»

በእርግጥ ብርቱ ነፋስ ጤነኛ እንጨትም ላይ ያለ ምስማር ሊነቅል ይችላል፤ ነገሩ ፍጹም መለኪያ አይደለም። ለእኛ ግን የሚታይና የሚቆጠር ነገር ሰጠን። ሞራሌውን ረድፍ በረድፍ ፎቶ አነሳን። ከፊት ለፊቱ ሁለት ቁራጭ፣ ከጀርባው አንድ ቁራጭ ከነምስማራቸው አስቆርጠን ላስቲክ ውስጥ አስቀመጥን። የጀርባውን መጨመሬ መምህርቷን አስቆጥቷቸዋል። «በራሳችን ላይ ትመሰክራለህ እንዴ?» አሉኝ። የጀርባው መበስበስ አይካድም። እሱን ካመንን የፊቱን ያምኑናል ብዬ ነው። ሠርቷል።

ኮርኒሱ ላይም ተመሳሳይ ነገር ገጠመን። ውሉ የዝናብ ውኃ ጉዳትን የሚሸፍነው ነፋሱ መጀመሪያ ጣሪያውን ከፍቶ ውኃው በዚያ ሲገባ ብቻ ነው። ሁለቱ መኝታ ቤቶች ላይ ጥያቄ አልነበረም፤ ሰማይ ይታያል። ሳሎኑ ግን ክዳኑ አልተነሳም። ገማቹ ኮርኒሱን ሽቅብ አይቶ ቡናማውን እድፍ በጣቱ ዞረው። በአንዱ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ፣ ልክ እንደ ተቆረጠ ግንድ። «ይኼ የዘንድሮ አይደለም እናቴ፤ ሦስት አራት ክረምት አልፎበታል» አላቸው። መምህርቷ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ለዓመታት የሚያፈስ የምስማር ቀዳዳ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ከ2014ቱ ጦርነት የተረፉ ሁለት ቆርቆሮዎችም ነበሩ፤ ተባራሪ ጥይት በስቷቸው በሬንጅ የተደፈኑ። ጦርነት ከውሉ ውጭ ነው። ሳንጠየቅ አሳየናቸው፣ ከሒሳቡ ወጡ።

ያልሠሩ ሙከራዎች

ኮምቦልቻ ካለው የሜትሮሎጂ ቢሮ የዕለቱን መረጃ ጠየቅን። በጥሩ ሁኔታ አስተናገዱን። ያገኘነው ግን የኮምቦልቻው ጣቢያ ልኬት ነው፤ በዚያ ቀን እዚያ ነፋሱ መካከለኛ ነበር። ኮምቦልቻ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የተራራ ነፋስ ደግሞ ሠፈር ለይቶ ነው የሚመታው። ወረቀቱ ከረዳን ይልቅ ጎዳን፤ ገማቹ መጀመሪያ የጠቀሰው እሱን ነው። የረዳን የቀበሌው ደብዳቤ ነው። በዚያው ረድፍ የሌሎች ሁለት ቤቶች ክዳንና አንድ ባሕር ዛፍ መውደቃቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ ነበር።

የሚያውቁትን ሰው ማስደወልም ተሞክሯል። አንድ ዘመድ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ነበራቸው። ፋይሉ ለሁለት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ምንም ሳይጨመርበት ተመለሰ።

በቁራሌው የተወሰዱት 14 ቆርቆሮዎች ከመጀመሪያው ግምት ሙሉ በሙሉ ወጥተው ነበር፤ «ያላየሁትን አልቆጥርም» ነው መልሱ። የዳኑት በአጋጣሚ ነው። ልጁ በማግስቱ ጠዋት፣ ከማጽዳቱ በፊት፣ አረብ አገር ላለችው እህቱ ግቢውን እየዞረ ቀርጾ በኢሞ ልኮላት ነበር። ከቪዲዮው ውስጥ እያቆምን ቆርቆሮዎቹን ቆጠርናቸው። የባዶው ሞራሌ ስፋትም ከቁጥሩ ጋር ገጠመ። እህትየዋ የተላከበትን ቀን በሚያሳይ መልኩ መልሳ ላከችልን።

ሒሳቡ

የሥራ ዝርዝር አሠርተን ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስበን ያቀረብነው ጠቅላላ 214,600 ብር ነው። ክዳኑ ከነእንጨቱና ከነእጅ ዋጋው 138,400፣ ኮርኒስ 47,200፣ ቀለምና መብራት 29,000። ሶፋውና ቴሌቪዥኑ አልገቡም፤ ውሉ የሕንፃ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የካሳ ደብዳቤ 72,900 ብር ይላል። መምህርቷ ሊፈርሙ ብዕር አንስተው ነበር። የካሳ መቀበያው ቅጽ ደግሞ «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። አሰላሉ በጽሑፍ ይሰጠን አልኩ። እንዲህ ይላል፦ ጉዳቱ 126,000 ብር። ቤቱ ዛሬ ቢሠራ 2,100,000 ብር ያወጣል፤ ኢንሹራንስ የገባው በ1,350,000 ነው። ስለዚህ ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል፦ 81,000። ከዚያ አሥር በመቶው ባለንብረቷ ራሳቸው የሚሸከሙት ድርሻ ነው፤ እሱ ሲነሳ፦ 72,900።

ቤቱ ከዋጋው በታች ከተገባ ካሳውም በዚያው ልክ መቀነሱ ሕጋዊ ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ያለ መርህ ነው፤ በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣም የኢንሹራንሱ ክፍል አልተሻረም። በመርሁ አልተከራከርንም። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፦ 2,100,000 ከየት መጣ? ዝርዝሩ ሲመጣ ማድ ቤቱና የግቢው አጥር ተደምረዋል። ማድ ቤቱ ግን ከጉዳቱ ሒሳብ «በውሉ ውስጥ የለም» ተብሎ ወጥቷል። ካሳ ሲከፈልበት የሌለ ቤት፣ ካሳ ሲቀነስበት አለ! ይህን በሁለት መስመር ጻፍኩት። የቤቱ ዋጋ ወደ 1,800,000 ተስተካከለ።

ሁለተኛ ገማች ከአናጢው ጋር ሆኖ የቆረጥናቸውን እንጨቶችና ቪዲዮውን አየ። በእሱ ግምት ከጠየቅነው የወጡት እነዚህ ናቸው፦ ማድ ቤቱና ሁለቱ የጥይት ቆርቆሮዎች 12,800፣ የሳሎኑ ኮርኒስ 15,300፣ የበሰበሰው የጀርባ እንጨት 4,000፣ የተረፈው ብረት ዋጋ 2,500። ቀሪው ጉዳት 180,000 ብር። ሦስት አራተኛው (1,350,000 ለ1,800,000 ሲካፈል) 135,000፤ አሥር በመቶው ሲነሳ 121,500 ብር። ይህን ፈረሙ።

ቤቱ በ1,800,000 ተገብቶ ቢሆን 162,000 ያገኙ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ግምቱ አንድ ጊዜም አልተነካም፤ 40,500 ብር በዚያ ሄደ።

ቼኩ የማን ነው

ቼኩ በባንኩ ስም ወጣ። ቤቱ በዕዳ የተያዘ ስለሆነ የካሳው ቀዳሚ ተከፋይ ባንኩ ነው። የብድር ክፍሉ ከቀሪው ዕዳ ላይ ሊያቀናንሰው ፈለገ። መምህርቷ ግን ጥገናውን ከዕቁብና ከልጆቻቸው አስቀድመው ጨርሰዋል። የጥገናውን ደረሰኞችና የአዲሱን ክዳን ፎቶ አያይዘን፣ መያዣው ዋጋውን መልሶ ስላገኘ ገንዘቡ ይለቀቅላቸው ብለን ጻፍን። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ አየ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሒሳባቸው ገባ። ከነፋሱ እስከዚያ ቀን አራት ወር አልፏል።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ቤቱ በባንክ የተያዘ ሰው ዛሬውኑ ሄዶ የፖሊሲውን ሙሉ ቅጂ ይጠይቅ፤ ከጀርባ የተያያዙትን ገጾች ጭምር። ባንክ ቤት ሥራ ካልበዛ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው።

ጣሪያ ሲነሳ ሸራ አልብሱ፣ ግን አንዲት ቆርቆሮ ከግቢ አይውጣ። ከማንሳታችሁ በፊት በስልክ እየዞራችሁ ቅረጹና ለአንድ ሰው ላኩ። የተላከ ቪዲዮ ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ከሚቀየረው እንጨት ቁራጭ ከነምስማሩ አስቀሩ። ጥገናው መቆየት ካልቻለ፣ በበልግ መቼም አይችልም፣ ገማቹ ካየ በኋላ «ጠግኑ» የሚለውን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። እኛ ጥገናውን የጀመርነው ያን ይዘን ነው።

የማይሸፈነውን ራሳችሁ አውጡት። የሳሎኑን ኮርኒስ ከመጀመሪያው ባናቀርበው ይሻል ነበር፤ ገማቹ ከዚያ በኋላ ሌላውንም በጥርጣሬ ነው ያየው።

የካሳ ደብዳቤ ሲመጣ የመጨረሻውን ቁጥር ሳይሆን ወደዚያ የወሰደውን መንገድ ጠይቁ። በተለይ የቤቱ የዛሬ ዋጋ ውስጥ ምን ምን እንደተቆጠረ። መግባባት ካልተቻለ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ፍርድ ቤትም አለ፤ በሕጉ የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። እኛ እዚያ አልደረስንም።

ዛሬ

መምህርቷ ውሉን ሲያድሱ ግምቱን ወደ 2,000,000 ብር ከፍ አደረጉ። የአርቦኑ ጭማሪ በዓመት ወደ አንድ ሺህ ብር ገደማ ነው። የፊት ለፊቱ ሞራሌ በሙሉ ተቀይሯል፤ አናጢው ምስማሩን አጠጋግተው መቱት። የሳሎኑም ማፍሰስ ቆሟል፤ ክቦቹ ግን ገና አሉ፤ ቀለም ለፋሲካ ተባለ፣ ፋሲካ አለፈ። ማድ ቤቱ እስካሁን ውሉ ውስጥ አልገባም። ካርታው ላይ ስለሌለ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት መሄድ አለበት።